«ሜይላችን አንዳንዴ ይደርሳል፣ አንዳንዴ አይደርስም» ላልከው

ሰላም ወንድሜ። በቡድናችን ገጽ ላይ የጻፍከውን ጥያቄ ደጋግሜ አነበብኩት። ሜክሲኮ አካባቢ ባለው ቢሯችሁ የራሳችሁን የሜይል ሰርቨር በፖስትፊክስ (ሜይል የሚልክና የሚቀበል ፕሮግራም) አቁማችኋል። ከውጭ የሚላክላችሁ ይገባል። እናንተ የምትልኩት ግን ጂሜይል ለሚጠቀሙ ደንበኞች አንዳንዱ ይደርሳል፣ አንዳንዱ ስፓም ውስጥ ይወድቃል፣ አንዳንዱ ተመልሶ ይመጣል። «ሰርቨሩን እንደ አዲስ ልጫነው ወይ?» ነው ያልከው።

አይ፣ አትጫነው። እኔም ካዛንቺስ ላለ ቢሮ እንዲህ ያለ ሰርቨር ከያዝኩ ቆየሁ። እንዲህ ዓይነት ችግር እንደገና በመጫን ሲፈታ አላየሁም፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ሰርቨሩ ውስጥ አይደለም።

ምንም ነገር ሳትነካ መጀመሪያ የሜይል ሎጉን (ሰርቨሩ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል) ክፈት። ለምን እንዳልተቀበለህ ተቀባዩ ሰርቨር ራሱ ጽፎልሃል። ሦስት አሃዝ ያለው ቁጥር ፈልግ። በ4 የሚጀምር ከሆነ «አሁን አልቀበልም፣ ቆይተህ ሞክር» ነው። ፖስትፊክስ ሜይሉን ወረፋ ላይ አቆይቶ ይሞክራል፣ ካልቀየርከው እስከ 5 ቀን። በ5 የሚጀምር ከሆነ ግን እምቢታው የመጨረሻ ነው፣ ሜይሉ ለላኪው ይመለሳል። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብበው። ጂሜይል 5.7.25 ካለህ የአይፒህ (የሰርቨርህ የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር) ፒቲአር የለም ወይም አይገጥምም፤ ፒቲአር ማለት ያ ቁጥር የየትኛው ሰርቨር ስም እንደሆነ የሚናገር መዝገብ ነው፣ ሪቨርስ ዲኤንኤስም ይሉታል። 5.7.26 ካለህ ደግሞ ሜይሉ በእርግጥ ከእናንተ ዶሜይን ለመምጣቱ ማረጋገጫ አጥቷል። ቁጥርም መልስም ሳይኖር ወደየትም ስትልክ «ታይም አውት» ብቻ ከሆነ፣ ወደ ውጭ የሚወጣው ፖርት 25 (ሰርቨሮች ሜይል የሚለዋወጡበት በር) ሳይዘጋ አይቀርም።

ፒቲአር ላይ ብዙ ሰው ጊዜውን ያቃጥላል። ዶሜይናችሁን በምታስተዳድርበት ገጽ ላይ ገብተህ ብትሞላው ምንም አይፈይድም። ፒቲአር የአይፒው ባለቤት የሚይዘው መዝገብ ነው፣ ባለቤቱ ደግሞ አይፒውን የሰጣችሁ የኢንተርኔት አቅራቢ ነው። ስለዚህ ሥራው የኪቦርድ ሳይሆን የደብዳቤ ነው። አይፒውን እና የሰርቨሩን ሙሉ ስም ጽፈህ፣ «ለዚህ አይፒ በዚህ ስም ሪቨርስ ዲኤንኤስ ይሠራልን» ብለህ፣ ማኅተም አስመትተህ አስገባ። ከዚያ እግር በእግር ተከታተል። ሲሠራልህ ስሙ ወደዚያው አይፒ ተመልሶ መምራቱን አረጋግጥ። ፖስትፊክስ ራሱን የሚያስተዋውቅበት ስምም ያው ቢሆን ይሻላል።

አሁን ወደ «አንዳንዴ» ልምጣ፣ ምክንያቱም ከጥያቄህ ሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ቢሯችሁ ሁለት የኢንተርኔት መስመር አለው? መሀል ከተማ ያሉ ብዙ ቢሮዎች ዋናው ሲቋረጥ የሚተካ ሁለተኛ መስመር ይይዛሉ። ራውተሩ ወደ ሁለተኛው ሲቀይር ሜይሉ በሌላ አይፒ ይወጣል። ያ አይፒ ፒቲአር የለውም፣ ኤስፒኤፋችሁም (በዶሜይናችሁ ስም ሜይል መላክ የተፈቀደላቸው አይፒዎች ዝርዝር) ውስጥ የለም። ጠዋት የደረሰው ሜይል ከሰዓት የሚመለሰው በዚህ ነው። መስመሩ ሲመለስ ሁሉም ነገር ደህና ስለሚመስል ሰው ሰርቨሩን ይጠረጥራል። የተመለሰውን ሜይል ሰዓት ከራውተሩ ሎግ ጋር አስተያየው። ከገጠመ፣ ሰርቨሩ በዋናው መስመር ብቻ እንዲልክ ራውተሩ ላይ እሰረው። መስመሩ ሲጠፋ ሜይሉ ወረፋ ላይ ይጠብቅ፣ ምንም አይሆንም።

ሌላው የሠራተኞች ላፕቶፕ ነው። ሁላችሁም በአንድ አይፒ የምትወጡ ከሆነ፣ የአንዱ ላፕቶፕ ቫይረስ ይዞት ስፓም ቢረጭ ጥፋቱ የሚጻፈው በሜይል ሰርቨራችሁ አይፒ ላይ ነው። አይፒያችሁን ስፓምሃውስ (ስፓም የሚልኩ አይፒዎችን የሚመዘግብ ድርጅት) ድረ ገጽ ላይ ፈትሸው። ተመዝግቦ ከተገኘ «አንሱልኝ» ከማለትህ በፊት ፋየርዎሉ ላይ ከሜይል ሰርቨሩ በቀር ማንም በፖርት 25 ወደ ውጭ እንዳይወጣ ዝጋ። ካልዘጋህ ዛሬ ቢያነሱህ ነገ ተመልሰህ ትገባለህ። ወረፋውንም እየው፤ የማታውቃቸው አድራሻዎች ተደርድረው ካገኘህ የአንድ ሠራተኛ ፓስወርድ ሳይሰረቅ አይቀርም። እሱን በዚያው ሰዓት ቀይር።

ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም (ሜይሉ ላይ የሚቀመጥ የዶሜይናችሁ ዲጂታል ፊርማ) እና ዲማርክ (ሁለቱ ሲወድቁ ተቀባዩ ምን ያድርግ የሚል መመሪያ) የሚባሉትን በእርግጥ ማስተካከል ይኖርብሃል። ከየካቲት 2024 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ጂሜይል ከማንኛውም ላኪ ቢያንስ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም ይጠይቃል። ሁለቱንም አድርግ። ኤስፒኤፍ ለአንድ ዶሜይን አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት መዝገብ ካስቀመጥክ ሁለቱም ይበላሻሉ። ድረ ገጻችሁ ሌላ ቦታ ሆስት ከተደረገና ከዚያ ሜይል የሚልክ ፎርም ካለው የእሱም አይፒ መካተት አለበት። ዲኪም ላይ ደግሞ 2048 ቢት ያለው ቁልፍ ከ255 ፊደል ስለሚበልጥ ተከፋፍሎ ነው የሚገባው። አንዳንድ የዲኤንኤስ ገጾች መጨረሻውን ቆርጠው ያስቀሩታል፣ ስለዚህ ካስገባህ በኋላ ከውጭ ጠይቀህ ከዋናው ጋር አስተያየው። ዲማርክን መጀመሪያ «ምንም አታድርግ» በሚለው ደረጃ አስቀምጠህ ሪፖርቱን ተመልከት። ከዚያ ወደ ራስህ ጂሜይል አንድ ሜይል ላክና «ሾው ኦሪጅናል» የሚለውን ክፈት። ሦስቱም «ፓስ» ማለት አለባቸው።

አንዱ የቡድናችን አባል ሰርተፍኬቱን (ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያሳይበትን ዲጂታል ሰነድ) አድስ ብሎህ ነበር። ማደሱ ጥሩ ነው፣ ግን የዚህ ችግር መፍትሔ አይደለም። ወደ ጂሜይል ስትልክ ሰርተፍኬት የሚያቀርበው ጂሜይል ነው፣ የአንተን አይጠይቅም።

ሰርቨሩ በአይፒቪ6ም (አዲሱ የአይፒ ዓይነት፤ የተለመደው አይፒቪ4 ነው) የሚወጣ ከሆነ ያም ፒቲአር ይፈልጋል። ከሌለው ለጊዜው በአይፒቪ4 ብቻ እንዲልክ አድርገው።

ፒቲአሩ ካልተሠራልህ ወይም ፖርት 25 ካልተከፈተልህ፣ ወጪውን ብቻ በሌላ የታመነ ሰርቨር በፖርት 587 አሳልፈው፤ ኤስፒኤፉ ውስጥ እሱንም መጨመር አትርሳ። ገቢው እና የሠራተኞቹ ሳጥን በእጃችሁ ይቆያል። ደንበኛ ዋጋ ማቅረቢያ እየጠበቀ መስመር ከማሳደድ ይሄ በጣም ይሻላል።

አሁን ከሎጉ የተመለሱትን ሁለት ሦስት መስመሮች እዚሁ ለጥፍልን። የደንበኞችን አድራሻ ሸፍነው፣ ቁጥሩን እና ከሱ ቀጥሎ ያለውን ጽሑፍ ግን እንዳትቆርጠው።