«ታካሚ የለበትም» ለምትሉኝ ልጆች

ሰሞኑን አንዲት ኢንተርን፣ ትምህርቷን ልትጨርስ የተቃረበች የሕክምና ተማሪ፣ ቢሮዬ መጣች። «ዶክተር፣ ፓቶሎጂ መግባት እፈልጋለሁ። ታካሚ የለበትም፣ ሰላም ነው አይደል?» አለችኝ። ፓቶሎጂ ከታካሚ የተወሰደ ሥጋና ሕዋስ በማይክሮስኮፕ አይቶ በሽታ የመለየት ሙያችን ነው። ሳቅ ብዬ ሻይ አስመጣሁላት እንጂ መልስ አልሰጠኋትም። ማታ ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝ። ብዙዎቻችሁ እንደሷ ስለምታስቡ ይኸው ጻፍኩ። ጠንክሩ፣ ሰዓት አክብሩ የሚለውን ከሌላ ሰው ስሙት።

ገና ስፔሻላይዝ አድርጌ ሐዋሳ የመጣሁ ሰሞን ነው። ስሙን ልተወውና አንድ ሕክምና ቤት እሠራ ነበር። ላብራቶሪው በውጭ በኩል ትንሽ መስኮት አለችው። ናሙና የሚገባው በእሷ ነው፤ ውጤት የሚወጣውም በእሷ። እኔ ከውስጥ ማይክሮስኮፔ ላይ ተደፍቻለሁ። ሰው አላይም፣ ሰውም አያየኝም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ወድጄው ነበር።

የቡና ለቀማ ጊዜ ነው። ከቤንሳ በኩል አንድ ጠና ያለ ሰው መጣ። መኪና አጥቶ መንገድ አድሯል። በፌስታል የጠቀለለው ብልቃጥ ውስጥ ከእህቱ የጡት እብጠት የተቆረጠ ሥጋ አለ። እዚያው አካባቢ ከእብጠቱ ጥቂት ቆርጠው ወስደው «ሐዋሳ ወስደህ አስመርምር» ብለውታል። ቴክኒሻናችን ብልቃጡን ከፍቶ አሸተተ። «ጋሼ» ነበር የምንለው፤ ስለ ሥጋና ስለ ቀለም ከእኔ የበለጠ ያውቃል። ናሙና እንዳይበላሽ የምንነክርበት ፎርማሊን አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ዓይን ያስነባል። ይህ ግን የሸተተው ሌላ ነው። ሥጋው የተነከረው በሳላይን ነበር፤ ሰዉ በደፈናው ግሉኮስ በሚለው፣ ሥጋ በማያቆየው የጨው ውሃ።

ሥጋ ከሰውነት ሲወጣ ደም ይቋረጥበታል። ሕዋሶቹ በገዛ ኢንዛይማቸው መፈጨት ይጀምራሉ። ፎርማሊን ፕሮቲኑን እርስ በርሱ አያይዞ ሁሉን ባለበት ያቆመዋል። 10 በመቶ ፎርማሊን ይሁን፣ መጠኑም ከሥጋው 10 እጥፍ ያህል ይሁን የምንለው ለዚህ ነው። ወደ ውስጥ የሚዘልቀውም ቀስ ብሎ ነው፤ በሰዓት 1 ሚሊሜትር ገደማ። ሙሉ ጡት ሳይሰነጠቅ ባልዲ ውስጥ ከተጣለ፣ ዳሩ በስሎ መሃሉ ሊጥ እንደቀረ ዳቦ ይሆናል።

ጋሼ እንደዚያም ሆኖ ሥራውን ሠራ። ውሃውን በአልኮል አወጣ፣ አልኮሉን በዛይሊን፣ ከዚያ የቀለጠ ፓራፊን ውስጥ ከተተው። ሰሙ ሲጠነክር በማይክሮቶም፣ ስስ አድርጎ በሚቆርጠው ማሽን፣ 4 ማይክሮን አድርጎ ቆረጠ። ከአንድ ሚሊሜትር 250 ቁራጭ ማለት ነው። ያችን ስስ ሪባን ለብ ባለ ውሃ ላይ ሲያንሳፍፍ ማንም እንዲያስነጥስ አይፈቅድም። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወስዶ ዓሣ ይጋብዘኝ ነበር። ልጆቹ ቆሮሶውን ሲበልቱ እያየ የቢላ አያያዛቸውን ይተቻል። ሕዋስ የምንቀልምበት ሄማቶክሲሊን ከመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ ግንድ የሚወጣ ቀለም መሆኑን የነገርኩት እዚያ ነው። «ታዲያ የእኛን ዛፎች ማን ሞከራቸው?» አለኝ። እስካሁን መልስ የለኝም። ከእናንተ አንዱ ይሞክር።

ስላይዱን፣ ቁራጩ የተለጠፈበትን መስታወት፣ አየሁት። የሕዋሱ እምብርት ኒውክሊየሱ በሄማቶክሲሊን ሰማያዊ፣ የቀረው በኢዮሲን ሮዝ መሆን ነበረበት። ያየሁት ሁሉም የደበዘዘ ሮዝ ነው። አንዳንድ ቦታ እንደ ካንሰር የሚያስጠረጥር ቅርጽ አለ። ካንሰር ነው ለማለት ግን የኒውክሊየሱ መጠንና ቅርጽ መለየት አለበት። የሚከፋፈሉ ሕዋሶች ካሉ መታየት አለባቸው። ከድንበራቸው ወጥተው ዙሪያውን ያለውን ሥጋ መውረራቸው መታወቅ አለበት። በጥርጣሬ ጡት አይቆረጥም። «ናሙናው ተበላሽቷል፤ በድጋሚ ይላክ» ብዬ ጻፍኩ። ዛሬም ቢመጣ ያንኑ እጽፋለሁ።

ወረቀቱ በመስኮቱ ወጣ። ሰውዬውና ጋሼ መስኮቱ ላይ ሲነጋገሩ ይሰማኛል።

«ሥጋው የእሷ አይደለም እንዴ?»

«የእሷ ነው አባባ፤ ግን ተበላሽቷል።»

«እሷ አልተበላሸችም። ቤት ናት።» ትንሽ ዝም አለ። «እንደገና ትቆረጥ ነው የምትሉት?»

ጋሼ ዞር ብሎ አየኝ። በሩ አጠገቤ ነው። ወጥቼ «አባባ፣ አትቆረጥም፤ ይዘዋት ይምጡ፣ እዚሁ በቀጭን መርፌ እወስድላታለሁ» ማለት እችል ነበር። የደቂቃዎች ሥራ ነው። በመርፌው የሚወጣው ጥቂት ሕዋስ ስላይድ ላይ ተቀብቶ፣ ተቀልሞ፣ በዚያው ቀን ሊታይ ይችላል። አልወጣሁም። ቀጣዩን ስላይድ አነሳሁ። ሰውዬው አልተመለሰም። እህቱም አልመጣችም።

ጋሼ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አላነሳብኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የዛሬ ሪፖርት ከያኔው ብዙ ይናገራል። የጡት ካንሰርን በሦስት ነገር ነጥብ እንሰጠዋለን፦ ቱቦ መሥራቱን፣ የኒውክሊየሱን መለዋወጥና የሚከፋፈሉትን ሕዋሶች አይተን። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ነው። ድምሩ 8 ወይም 9 ከሆነ ግሬድ 3 ይባላል፤ ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። ከዚያ የኢስትሮጅን ሪሴፕተር፣ ማለትም ካንሰሩ ላይ ያለው የሴት ሆርሞን መቀበያ፣ ምርመራ አለ። ታሞክሲፈን የተባለው ክኒን የሚጠቅመው ካንሰሯ ሪሴፕተሩ ላለው ሴት ነው። በአግባቡ ፎርማሊን ያላገኘ ሥጋ ግን ሪሴፕተር እያለው የሌለው መስሎ ሊወጣ ይችላል። አያችሁ? የብልቃጡ ውሃ የምትውጠውን ክኒን ይወስናል። ብልቃጡን የሚሞላው ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርኑ ነው።

ስላይድ ስታዩ ከምርመራ መጠየቂያው ወረቀት በፊት ስላይዱን እዩ። ወረቀቱ «ካንሰር ይመስላል» ካለ ዓይናችሁ ካንሰር መፈለግ ይጀምራል። እኔ ግን ዕድሜዋን፣ ነፍሰ ጡር ወይም የምታጠባ መሆኗን ሳላውቅ የጡት ናሙና ላይ አልፈርምም። በእርግዝናና በማጥባት ጊዜ ጤነኛው ሕዋስ ራሱ ትልልቅ ሆኖ ያሳስታል። ይጋጫል? አዎ፣ ይጋጫል። እኔም እስከ ዛሬ ሁለቱን አስታርቄ አልጨረስኩም።

የዘንድሮ ሬዚደንቶች፣ ስፔሻላይዝ በማድረግ ላይ ያሉት ሐኪሞች፣ ነገር ደግሞ አለ። በትንሹ ሌንስ ሙሉውን ሳያዩ ዘለው ትልቁ ላይ ይወጣሉ። አንዷን ጥግ በስልክ ፎቶ አንስተው ቴሌግራም ላይ «ምን ይመስላችኋል?» ይላሉ። ምን ይመስለኛል? ቸኩላችኋል ይመስለኛል። ሆኖም ፎቶው ባይኖር አንድ ልጅ ይጎዳ ነበር። አንገቱ ላይ ንፍፊት አብጦ ለወራት የቲቢ መድኃኒት ሲወስድ ነበር። እኛ ጋ ንፍፊት ሲያብጥ አስቀድሞ ቲቢ ይታሰባል፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። የእሱ ግን ሊምፎማ፣ የንፍፊት ካንሰር፣ ነበር፤ ሆጅኪን የሚባለው። መጀመሪያ የተጠራጠረችው በስልኳ ፎቶ የላከችልኝ ወጣት ሐኪም ናት። ስለዚህ ስልኩን አልከለክልም። ሌንሱን አስቀድሙ ብቻ።

«በድጋሚ ይላክ» ብላችሁ የምትጽፉበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። ያን ቀን ወረቀቱን በመስኮት አትስጡ። ያመጣውን ሰው ግባ በሉት። ወንበር ስጡት። ናሙናውን ለላከው ሐኪም ደውሉና ምን ውስጥ እንደከተተው ጠይቁ። ለመደወል ደግሞ ቁጥር ያስፈልጋል። የምርመራ መጠየቂያው ላይ የስልክ ቦታው ባዶ ሆኖ የሚመጣው አሁንም ብዙ ነው። እባካችሁ፣ የሐኪሙንም የታካሚዋንም ቁጥር ሙሉት፤ በሚነበብ ጽሑፍ።