ማኅተሙ ደህና፣ ቺፑ ግን የተነካ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ናሙናና ማቅጠኛ በሁለት ቦይ ገብተው የሚደባለቁበት የፒዲኤምኤስ (ጎማ መሰል ሲሊኮን) ማይክሮፍሉይዲክ ቺፕ፣ ማለትም ፈሳሽ በጣም ቀጭን ቦዮች ውስጥ የሚያልፍበት ትንሽ ሰሌዳ፣ አለዎት። ከመውጫው በኩል ሲሪንጅ ፓምፕ ይስባል። ሰሞኑን ውጤቱ ዝቅ ብሏል። በናሙናው ቦይ መሀል አረፋ ይታያል፤ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ። ቺፑ ያለበት ሳጥን ማኅተም ግን አልተነካም። መግቢያው ላይ ሱፐር ግሉ ተቀብቷል፤ ቱቦዎቹም ለስላሳና ርካሽ ናቸው።

እኔ የምጠረጥረው መርፌ ነው። ማያያዣ ከላላ አረፋው ከመግቢያው ይመጣል። ፒዲኤምኤስ ራሱም አየር ያሳልፋል፤ በዚህ የሚመጣው አረፋ ግን ቀስ ይላል እንጂ አንድ ቦታ አይመርጥም። መሀል ላይ ያውም እዚያው ከሆነ ቀዳዳ ሳይኖር አይቀርም። ማኅተሙ ክዳኑን እንጂ ለማይክሮስኮፕ የተተወውን መስኮት አይጠብቅም። ክፋት ነው አላልኩም። አረፋ አወጣለሁ ብሎ የሚወጋም ሞልቷል።

ሙከራው ቀላል ነው። ፓምፑን ይንቀሉ፤ መውጫውንና የማቅጠኛውን መግቢያ ይዝጉ። የቺፑን ገጽ አድርቀው በናሙናው መግቢያ ባለቀለም ውሃ በቀስታ ይግፉ። የመርፌ ቀዳዳ ሲያርፍ ይገጥማል፤ ጠብታ የሚያሳየው ግፊት ሲያገኝ ነው። መከላከያ መነጽር ሳያደርጉ ግን ግፊት አይስጡ። በአየርም አይሞክሩ፤ የታመቀ አየር የቺፑን መስታወት ከሰበረው ስብርባሪው ይፈናጠራል። ደም ያለፈበት ቺፕ ከሆነ ጓንትም ያስፈልጋል።

ጠብታ ከሌለ ቺፑን አጥብቆ የሚይዘውን መያዣ ብሎኖች ይዩ። ይህቺን ነገር ለሁሉም ሰው ሳልነግር አላልፍም። በጠፍጣፋ ቦይ ውስጥ የፍሰቱን ተቃውሞ የሚወስነው በዋናነት ከፍታው ነው፤ ያውም በሦስተኛ ኃይሉ። 50 ማይክሮሜትር የነበረው ተጨፍልቆ 40 ቢሆን ተቃውሞው በእጥፍ ገደማ ያድጋል። 25 ቢሆን ስምንት እጥፍ። ፒዲኤምኤስ ደግሞ ጎማ ነው። ስለዚህ ውጤት ማዛባት የፈለገ ሰው ቺፑን መክፈት አይጠበቅበትም፤ በናሙናው ቦይ በኩል ያለውን ብሎን በካቻቢቴ ትንሽ ማጥበቅ ይበቃዋል። ማቅጠኛው ይበዛል፣ ንባቡ ይወርዳል፣ ምንም ፍንጭ አይቀርም። አረፋ ግን በዚህ አይመጣም። ለዚህ ነው መርፌውን ያስቀደምኩት።

መግቢያው ላይ ሱፐር ግሉ የቀባውስ ማን ነው? ሲሊኮን ላይ በቅጡ አይዝም፤ ከፈሰሰም ቦይ ይደፍናል። እነዚያ ለስላሳ ርካሽ ቱቦዎችም ሲሳቡ ይጨፈለቃሉ፤ ይጣሉ።

የተወጋ ቺፕ አይጠገንም፤ ይቀየራል። አዲሱን ሲገጥሙ መስኮቱን በመስታወት ይሸፍኑ፤ ቁጥር ያለው ማኅተም መስታወቱን፣ መያዣውንና የብሎኖቹን ራስ አብሮ ይያዝ። በመጀመሪያው ቀን በአንድ የተወሰነ ግፊት በደቂቃ ስንት እንደሚያልፍ በሁለቱም ቦይ ለክተው ይጻፉ። ከሥራ በፊት ያንኑ ይድገሙ። ቁጥሩ ከተለወጠ ማኅተሙ ደህና ቢመስልም ናሙና አያስገቡ። ለዚህ ልኬትም ቢሆን መነጽሩ ከዓይንዎ አይውረድ።