ሁሌ እነሱ ብቻ የሚያሸንፉት ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ። ተኬን የሚባለውን የድብድብ ቪዲዮ ጌም ውድድር መከታተል ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፣ አሁን ግን እየሰለቸኝ ነው። ስንትና ስንት ሰው ይመዘገብና መጨረሻ ላይ የሚቀሩት እነዚያው ናቸው። እጃቸው የተለየ ነው ወይስ ውድድሩ ያዳላላቸዋል? እኔ እጄ ቀርፋፋ ነው። መጫወቱን ልተወው ይሆን?

መልስ፦ ኧረ አትተወው! በእጅ ፍጥነት ቢሆንማ ማንም አይችልም ነበር። ጌሙ በሴኮንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ምስል፣ እያሳየ ይሄዳል። ተኬን ላይ ፈጣኑ ቡጢ የሚያርፈው በ10 ፍሬም ነው፣ የአንድ ሴኮንድ አንድ ስድስተኛ መሆኑ ነው። ዓይን አይቶ ጣት እስኪታዘዝ ድረስ አብዛኛው ሰው ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ ያንን ቡጢ አይቶ ብሎክ የሚያደርግ የለም፣ ሻምፒዮኑም ቢሆን። ቀድሞ ገምቶ ነው። ሁለቴ አፈግፍገህ በሦስተኛው ጊዜ እግር እንደምትሰነዝር አንተ ራስህ ሳታውቀው እሱ ይዞሃል።

ይሄ ግምት የሚመጣው ከሰው ነው፣ አብሮህ ከሚጫወተው ሰው። እ.ኤ.አ. በ2019 ፓኪስታናዊው የላሆር ልጅ አርስላን አሽ ጃፓን፣ ፉኩኦካ ሄዶ ኤቮ ጃፓን የሚባለውን ትልቅ የድብድብ ጌም ውድድር ሲያሸንፍ ከአገሩ ውጪ ስሙን የሚያውቅ ብዙ አልነበረም። ተኬን ማለት ኮሪያውያን ነበሩ። ልጁ አሸንፎ ሲያበቃ "አገሬ እንደኔ የሚጫወቱ ሌሎችም አሉ" የሚል ነገር ተናገረ፣ ብዙ ሰው ግን ሊያምነው አልቻለም። በኋላ የኮሪያው ኮከብ ኒ ራሱ ፓኪስታን ድረስ ሄዶ ብዙ ሰው በማያውቃቸው ልጆች ተሸነፈ። በዚያው ዓመት የላስ ቬጋሱ ኤቮ ፍጻሜ ላይ አርስላን የረታውም ይህንኑ ኒን ነው። በ2023 ደግሞ አምስተርዳም ላይ የተኬን ወርልድ ቱርን ፍጻሜ ያሸነፈው ሌላው ፓኪስታናዊ አቲፍ ባት ነበር። በቃ፣ እርስ በርሳቸው ሲቀጣቀጡ ከርመው ነው የወጡት።

ያዳላል ወይ ላልከው፣ አዎ፣ ለጠንካራው ያዳላል። ትልልቆቹ ውድድሮች ላይ ከጨዋታ የምትወጣው ሁለቴ ስትሸነፍ ነው። አንዴ በዕድል ብትጥለው እንኳ አንዴ የተሸነፉት እርስ በርስ በሚጋጠሙበት በኩል ዞሮ መጥቶ ያገኝሃል፣ ያኔ ደግሞ ጠባይህን አጥንቶ ነው የሚመጣው።

ጌሙ ካልተቀየረ ይብሳል። ስማሽ ብራዘርስ ሜሌ የሚባለው ሌላው የድብድብ ጌም በ2001 የወጣ ነው፣ እንደ ዛሬዎቹ ጌሞች በየጊዜው የሚለቀቅ አፕዴት የለውም። የለመደ እንደለመደ ይቀጥላል። አምስት ተጫዋቾች ለዓመታት "አማልክት" እስከመባል ደርሰው ነበር። አምስቱንም በየተራ ለመጣል የመጀመሪያው ሰው ሌፈን የሚባል ስዊድናዊ ነው። ከአምስቱ አንዱ የነበረው አርማዳም ስዊድናዊ መሆኑን ልብ በል፣ እንደ ፓኪስታኖቹ ማለት ነው።

አንተም ዘወትር የሚያሸንፍህን አንድ ሰው ፈልግና "ቀድሞ 10 ያሸነፈ" ብላችሁ ግጠሙ። እሱ ካሸነፈህ ሰው አትቀይር፣ በማግስቱም ከእሱው ጋር። ከዚያ ሪፕሌዩን ከፍተህ ወድቀህ ስትነሳ ምን እንደምታደርግ ብቻ ቁጠር። እኔ የራሴን ስቆጥር ከ10 መነሳት 8ቱ ላይ ያንኑ እግር ነው የሰነዘርኩት። አፍሬ ዘጋሁት።