ለቴሲስ ጠያቂዋ እህቴ፦ ፋይልሽን ለጽሕፈት ቤት ከመስጠትሽ በፊት ይሄን አንብቢ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። ቴሲስሽን በአማርኛ ወርድ ላይ፣ ለእኛ ለዓይነ ስውራን ስክሪኑን በድምፅ በሚያነብልን ስክሪን ሪደር በኤንቪዲኤ እየጻፍሽ ነው፣ ፎርማቱን ለጽሕፈት ቤት ልስጥ ወይስ ራሴ ልጨርሰው፣ በገንዘብ የሚሸጠውን ስክሪን ሪደር ጆውስን ብገዛስ ይሻለኛል ወይ ነው ያልሽው። አንዷ "ለሚያይ ሰው ስጪውና ተገላገዪ" ብላሻለች፣ በቅንነት እንዳለችው አውቃለሁ ግን እባክሽ እንዳታደርጊው። እኔ አድርጌው አንድ ሙሉ ሴሚስተር ከስሬያለሁ፣ የድጋሚ ምዝገባ ከፍያለሁ፣ ጓደኞቼ ሲመረቁ ቤት ቁጭ ብዬ ነው የዋልኩት።

1. ጆውስ አትግዢ። ላንቺ ሥራ ኤንቪዲኤ ይበቃል። ነፃ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረውም ማይክል ከረን የሚባል ራሱ ዓይነ ስውር የሆነ አውስትራሊያዊ ስለሆነ ችግራችን በደንብ የገባው ሰው ሥራ ነው። ጆውስን ሳትከፍዪ ልሞክረው ብትዪ ደግሞ በ40 ደቂቃ ይቆምና ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጊ ይልሻል፣ ምዕራፍ ሦስት መሀል ላይ ሆነሽ ይሄን አትችዪውም። ገንዘብሽን ለኅትመትና ለጥረዛ አስቀምጪው።

2. ፎንት! እዚህ ላይ ነው እኔ የተቃጠልኩት። 112 ገጽ ራሴ በዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ኮድ በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ጽፌ ጨርሼ፣ ማስረከቢያው ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ማርጂኑና ማውጫው እንዲያምር ብዬ ግቢው አጠገብ ያለ ጽሕፈት ቤት ወሰድኩት። ልጁ "መምህራኑ የለመዱት ፎንት አለ በሱ ላርግልህ" አለኝ፣ ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ እሺ አልኩ። በገጽ 8 ብር ከፈልኩ፣ ፕሪንቱን ያየ ሁሉ አማረ አለኝ፣ ሶፍት ኮፒውን ለአድቫይዘሬ ላኩለት። እሳቸው ደግሞ ደከመኝ የማይሉ ሰው ናቸው፣ ቁጭ ብለው እዛው ፋይሉ ውስጥ ገብተው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አርመው፣ አንዳንዱን አንቀጽ እንደ አዲስ ጽፈው መለሱልኝ።

ፋይሉን ከፈትኩት። የመጀመሪያው መስመር ላይ "የኢትዮጵያ" የሚል ቃል እንዳለ አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ የጻፍኩት። በቀስት አንድ አንድ ፊደል እየሄድኩ ሳዳምጥ "ዋይ፣ ኤክስ፣ ባንግ፣ ቲ፣ ታይምስ" ይለኛል። እስከ መጨረሻው ገጽ እንደዛ ነው። ኢስፒክ፣ ማለትም የኤንቪዲኤ አንባቢ ድምፅ፣ የተበላሸ መስሎኝ ኤንቪዲኤን አጥፍቼ ጫንኩ፣ ሌሊቱን ሙሉ ደግሜ አጠፋሁ ደግሜ ጫንኩ። ጠዋት የዶርም ጓደኛዬ መጥቶ ስክሪኑን አየና "ምን ሆነሃል፣ ጥሩ አማርኛ ነው እኮ" አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩት የድሮ ፎንቶች ውስጣቸው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው፣ ላዩ ላይ ብቻ የግዕዝ ቅርጽ ተስሎበታል። የሚያይ ሰው ቅርጹን ያነባል፣ ስክሪን ሪደር ግን ከታች ያለውን ኮድ ነው የሚያነበው፣ እሱም "ዋይ ኤክስ ባንግ" ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ከዛ ወዲህ ይሄ ሁሉ መቅረት ነበረበት፣ ግን ጽሕፈት ቤቱም ቢሮውም እስከዛሬ አልለቀቀውም፣ የድሮ ነጋሪት ጋዜጣ ፒዲኤፍ ከፍተሽ ለማዳመጥ ሞክረሽ ከሆነ ያው ራሱ ነው።

የኔ ዩኒኮድ ኮፒ ፍላሽ ላይ አለ፣ ግን የአድቫይዘሬ እርማት ሁሉ ያለው እኔ ልሰማው በማልችለው ፋይል ውስጥ ነው። ታላቅ እህቴ ከሥራ ስትመለስ ማታ ማታ እያነበበችልኝ፣ እኔ የራሴ ኮፒ ላይ እያስገባሁ፣ አምስት ሳምንት ፈጀብን። ማስረከቢያው አለፈ።

ስለዚህ ከማንም እጅ ፋይል ስትቀበዪ መጀመሪያ አንድ ፊደል ላይ ቁሚና ከነምፓድ 2 ቁጥርን ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ምቺ፣ ላፕቶፕ ሌይአውት ከሆንሽ ኢንሰርት ይዘሽ ነጥብ። የፊደሉን ኮድ ይነግርሻል፣ መጀመሪያ በዴሲማል ከዛ በሄክስ። ሄክሱ በ12 ወይም በ13 የሚጀምር ባለ አራት አሃዝ ከሆነ ግዕዝ ነው፣ ካልሆነ እዛው በሩ ላይ መልሺለት።

ይቺ ቁልፍ ከሌላም ነገር አድናኛለች። "ሥራ" እና "ስራ" ለጆሯችን አንድ ናቸው፣ ሐመሩ ሐ እና ሃሌታው ሀ አንድ ናቸው፣ አልፋው አ እና ዓይኑ ዐ አንድ ናቸው፣ ኢስፒክ አይለይልሽም። ፈታኝ ግን ያያል፣ በተለይ የቋንቋ ትምህርት ክፍል ከሆንሽ። ስትጠራጠሪ ኮዱን ስሚ፣ 1225 ካለሽ ንጉሡ ሥ ነው፣ 1235 ካለሽ እሳቱ ስ ነው። እኔ ቁልፍ ቃሎቼን በሙሉ እንዲህ አንድ በአንድ ፈትሼ ከዛ በኮንትሮል ኤች ሪፕሌስ አደረግኳቸው። ዲፌንስ ላይ አንዱ ፈታኝ "ፊደል አጠቃቀምህ ወጥ ነው" ሲሉኝ የተሰማኝን አልረሳውም።

3. ርዕሶችሽን በሄዲንግ ስታይል አድርጊ፣ ኮንትሮል ኦልት 1፣ 2፣ 3። ይሄን ታውቂዋለሽ ብዬ አልፈዋለሁ፣ ብቻ ቦልድና ትልቅ አድርገሽ ርዕስ ነው አትበዪ፣ ለኤንቪዲኤ እሱ ተራ ጽሑፍ ነው። ስታይል ካለው ኢንሰርት ስፔስ ብለሽ ብራውዝ ሞድ ገብተሽ በኤች ፊደል ከርዕስ ርዕስ ትዘያለሽ፣ ማውጫውንም ኦልት፣ ኤስ፣ ቲ ብለሽ ወርድ ራሱ ይሠራልሻል፣ ለዚህ ብዬ ነበር እኮ ያንን ሁሉ ገንዘብ የከፈልኩት። የሽፋን ገጹን ቴክስት ቦክስ ውስጥ አትክተቺ፣ ሰንጠረዥ ውስጥም ሴል አታዋህጂ።

4. አድቫይዘርሽን ዛሬውኑ አናግሪያቸው። በእስክሪብቶ አያርሙ፣ ጽሑፉ ውስጥም ዝም ብለው አይቀይሩ፣ ኮመንትና ትራክ ቼንጅ ይጠቀሙ በያቸው። ኢንሰርት ኤፍ 7 ብለሽ አኖቴሽን የሚለውን ስትመርጪ ኮመንቱም ለውጡም በዝርዝር ይመጣልሻል። የኔ አድቫይዘር ያ ሁሉ ከደረሰ በኋላ ስነግራቸው "ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም" ብለው በጣም አዘኑ፣ ከዛ ወዲህ አንድ ቀን እንኳን በእስክሪብቶ አላረሙም።

5. ቅጾቹ። የማስረከቢያ ቅጹ ስካን የተደረገ ወረቀት ነበር፣ ስክሪን ሪደር ባዶ ነው የሚለው። በወርድ ስጡኝ ልል ቢሮ ሄድኩ። ተቀባይዋ ሴትዮ እኔን ትታ አብሮኝ ያለውን ልጅ "ምን ፈልጎ ነው?" አለችው። እኔ እየመለስኩላት እሷ አሁንም ወደሱ ዞራ "የሚያይ ሰው ይሙላለት" አለች። ድምፄን ሳልጨምር "እኔን ያናግሩኝ፣ ተመራቂው እኔ ነኝ" አልኳት፣ ዝም አለች። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በአራተኛው እህቴ ቅጹን እያነበበችልኝ ራሴ ወርድ ላይ ሠራሁት፣ እያንዳንዱ መጠይቅ በራሱ መስመር፣ ሰንጠረዥ የለው ሣጥን የለው፣ ኃላፊው ጋ ገብቼ አስረከብኩ። አይተው "ይሄ ከኛው ይሻላል" አሉ፣ ማኅተሙን አደረጉልኝ። ከኔ በኋላ የመጡ ሁለት ዓይነ ስውር ተማሪዎች በዛ ቅጽ ነው ያስረከቡት፣ ከቴሲሴ እኩል የምኮራበት ሥራዬ ነው። አንቺም "የሚያይ ሰው ይዘሽ ነይ" ካሉሽ አትመለሺ፣ ኃላፊው ጋ ግቢ።

መጨረሻ ላይ ፒዲኤፍ ስታደርጊው በፕሪንት ሳይሆን በሴቭ አዝ ይሁን፣ በፕሪንት ከሄድሽ ሄዲንጎችሽ ይጠፋሉ። ያንን ፒዲኤፍ በኤጅ ብራውዘር ክፈቺና ኮንትሮል ሺፍት ዩ በዪ፣ ድምፁን ወደ መቅደስ ወይም አምሃ ቀይሪው፣ ሁለቱም አማርኛ የሚያነቡ ናቸው፣ ኢንተርኔት ግን ይፈልጋል። ኢስፒክ ላይ ለምደነው ያለፍነው የፊደል ግድፈት በመቅደስ ድምፅ ጆሮ ላይ ይጎረብጣል፣ እኔ በአንድ ከሰዓት 60 የሚሆን ስህተት ያወጣሁት በሷ ነው።

ሄዲንጉ፣ ማርጂኑና የገጽ ቁጥሩ የተስተካከለ ባዶ የወርድ ፋይል አለኝ፣ ኢንቦክስ አድርጊልኝና ልላክልሽ። የማስረከቢያሽንም ቀን ንገሪኝ።