ውጤቱን የፈረመው ሐኪም ማነው?

ጥያቄ፦ እናቴ ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ናሙና ተወሰደላት። ውጤቱ የመጣው ከ2 ሳምንት በኋላ ነው። ከታች የፈረመው ደግሞ አንድም ቀን አይተነው የማናውቀው ፓቶሎጂስት ነው። ለመሆኑ ይሄ ሰው ሐኪም ነው ወይስ የላብራቶሪ ባለሙያ? መማሩንስ በምን አውቃለሁ?
(ልጇ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። አዎ፣ ሐኪም ነው። እንደማንኛውም ዶክተር ሕክምና ተምሮ ከጨረሰ በኋላ ለዓመታት ፓቶሎጂ (ከሰውነት የተወሰደ ናሙናን መርምሮ በሽታን የመለየት ሙያ) ስፔሻላይዝ ያደረገ። የላብራቶሪ ቴክኖሎጂስቱ ሌላ ነው፤ ናሙናውን ያዘጋጃል እንጂ "ካንሰር ነው፣ አይደለም" ብሎ አይፈርምም።

መዘግየቱ ያበሽቃል፣ እኔንም አብሽቆኝ ያውቃል። ግን ያቺ ቁራጭ ሥጋ መጀመሪያ ፎርማሊን ውስጥ ትነከራለች፣ ውሃዋ በአልኮል ይወጣል፣ በሰም ትሞላለች፣ ከዚያ ከፀጉር በብዙ እጥፍ በቀጠነ ውፍረት፣ 4 ማይክሮን ገደማ፣ ተቆርጣ መስታወት ላይ ትለጠፍና ሐምራዊና ሮዝ ቀለም ትቀባለች። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ የሚያያት ይሄ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። በቀጭን መርፌ የሚወሰድ ናሙና ፈጠን ይላል፤ እሱንማ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ራሱ ፓቶሎጂስቱ ነው።

ሪፖርቱ ላይ ሙሉ ስም፣ ፊርማና ማኅተም መኖሩን እዪ። "ዶክተር" የሚለው ብቻ አይበቃም፣ ስፔሻሊቲውም ይጻፍ። የሙያ ፈቃድ አለው ወይ ብለሽ ተቋሙን ጠይቂ፣ ምን ያሳፍራል! አሁንም ከከነከነሽ ስላይዱን (ናሙናው የተለጠፈበትን መስታወት) እና የሰም ብሎኩን (የቀረው ናሙና ያለበትን ሰም) ተቀብለሽ ለሌላ ፓቶሎጂስት አሳዪ። ወረቀቱን ብቻ ይዘሽ ከሄድሽ ሁለተኛው የሚያነበው የመጀመሪያውን ሐሳብ ነው።