ስለ ፍቅር፣ ስለ ቆዳ ቀለምና በስልክ ላይ ስለምትጽፉት ነገር

ውድ ወጣቶች፣

አንዲት ኢትዮጵያዊት ከውጭ አገር ሰው ጋር የተነሳችውን የሠርግ ፎቶ ለሕዝብ ስትለጥፍ ከሥሩ ምን እንደሚጻፍ መገመት አይቸግርም። ሙሽራው ነጭ ከሆነ «ለግሪን ካርድ ነው» ይባላል። ጥቁር አሜሪካዊ ወይም ናይጄሪያዊ ከሆነ ነገሩ ከወረቀት ወደ ቆዳ ይዞርና የባርነት ዘመን ስድብ ይወጣል። ሙሽራው ሐበሻ፣ ሙሽሪት ፈረንጅ ስትሆን ግን ብዙው ሰው «እንኳን ደስ አላችሁ» ብሎ ያልፋል፤ ቢበዛ «ታድሎ!» የሚል ቀልድ ይጨመርበታል። ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ብታነቡ ስለ ጥንዶቹ አንድም ነገር አታገኙም። የምታገኙት ሴቲቱን የአገር ንብረት፣ ነጩን የመኖሪያ ፈቃድ፣ ጥቁሩን ውርደት አድርጎ የሚያይ ጸሐፊ ነው።

ይህ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይጣበቃል። አንዱ ወገን «ማንን እንደምወድ ማንም አይነግረኝም» ይላል፤ ሌላው «ምርጫህ ራሱ ዘረኝነት ነው» ይላል። ሰዎችን በትዳርና በግንኙነት ጉዳይ በማማከር ለቆየ ሰው ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ብቻ ይዘዋል። የልብ ዝንባሌ ለፍርድ አይቀርብም፤ ማንም ሰው የማይስበውን ሰው እንዲያገባ አይገደድም። ስለ አንድ ሕዝብ ጽፋችሁ ያወጣችሁት ዓረፍተ ነገር ግን ይቀርባል። በዚህ ደብዳቤ የምመክራችሁ በሁለቱ መካከል ስላለው መስመር ነው።

መጀመሪያ ዝንባሌው ራሱ ከሰማይ የወረደ እንዳይመስላችሁ። ሮበርት ዛዮንክ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1968 (ካልገለጽኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሰው ትርጉሙን የማያውቀውን ምልክት እንኳ ደጋግሞ ሲያይ እየወደደው እንደሚሄድ አሳይቷል። ፊትም እንዲሁ ነው። ኮሪያ ተወልደው በልጅነታቸው በፈረንሳይ ቤተሰብ ያደጉ ሰዎች ላይ የተደረገና በ2005 የታተመ ጥናት፣ እነዚህ ሰዎች ከእስያውያን ይልቅ የአውሮፓውያንን ፊት ለይተው የማስታወስ ችሎታ እንዳላቸው አግኝቷል። እንግዲህ «ቻይናዎች ሁሉ አንድ ይመስሉኛል» የሚል ሰው የነገረን ዓይኑ የለመደውን ነው፤ ስለ ቻይናዎች ምንም አልነገረንም። በ1940ዎቹ ኬኔት ክላርክና ባለቤቱ ማሚ ክላርክ ለጥቁር አሜሪካውያን ሕፃናት ነጭና ጥቁር አሻንጉሊት እያቀረቡ ጥሩዋን እንዲያሳዩ ሲጠይቋቸው፣ ብዙዎቹ ልጆች ነጯን መርጠዋል። ግኝቱ በ1954 ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለያየትን ሕገ ወጥ ባደረገው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ላይ ተጠቅሷል። የቁንጅና መለኪያችን ገና ሳናውቀው ውስጣችን ይገባል ማለት ነው። ቀይ መሆን በሙገሳ፣ መጥቆር በቀልድ በሚጠቀስበት ቤት ያደገ የእኛም ልጅ ከዚህ አያመልጥም።

ኦኬኪዩፒድ የተባለው የትውውቅ ድረ ገጽ በ2009 የተጠቃሚዎቹን መልእክቶች ቆጥሮ ውጤቱን ይፋ አድርጎ ነበር። ጥቁር ሴቶች ለሚደርሳቸው መልእክት ከሁሉም በላይ መልስ ይሰጣሉ፤ ራሳቸው ሲጽፉ ግን ከሁሉም ያነሰ መልስ ያገኛሉ። በ2014 ቁጥሩ እንደገና ሲታይ ያስገረመው ሌላ ነው። ተጠቃሚዎቹ ስለ ዘር በቀጥታ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ካለፉት ዓመታት የተሻለ ሆኗል፤ የሚያደርጉት ግን አልተሻሻለም። ከዚህ የምትወስዱት ነገር ካለ ይህ ነው፦ «እኔ ዘር አላይም» የሚለው አባባል ማስረጃ አይሆንም። ለራሳችሁ የምታደርጉት ፈተና ቀላል ነው። ባለፈው አንድ ወር ሳታነቡ ያለፋችኋቸውን መገለጫዎች (ፕሮፋይሎች) አስታውሱ። ስንቱን ያለፋችሁት በጻፈው ነገር ነው? ስንቱን ፎቶውን ብቻ ዓይታችሁ? መልሱን ለማንም መናገር የለባችሁም።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ወጣት የሚስተው ነገር ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ። «ዘረኛ ብሆን ጥቁር ሴት እወድ ነበር?» የሚል መከላከያ ደጋግማችሁ ትሰማላችሁ። ታሪካችን መልሱን ይዞታል። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ወደ አገራችን ሲዘምት የምሥራቅ አፍሪካ ሴቶች ፎቶ ያለባቸው ፖስት ካርዶች በወታደሩ እጅ ይዘዋወሩ ነበር። ያው መንግሥት በሚያዝያ 1937 ባወጣው ሕግ፣ በቅኝ ግዛቱ ከተወላጅ ጋር እንደ ባልና ሚስት የሚኖር ኢጣሊያዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። ሕጉ ያነጣጠረው አብሮ መኖር ላይ፣ ማለትም ሴቲቱን እንደ ሚስት መቁጠር ላይ ነበር፤ የወታደሩ ምኞት አላስጨነቀውም። ምኞትና ንቀት በአንድ ልብ ውስጥ ተስማምተው ሊኖሩ ይችላሉ። ዛሬ በርካታ ሐበሾች በሚኖሩባት በቨርጂኒያም ነጩ ሪቻርድና ጥቁሯ ሚልድረድ ላቪንግ በመጋባታቸው ብቻ በ1958 በሌሊት ከመኝታቸው ተነሥተው ተይዘዋል። የፈረደባቸው ዳኛ እግዚአብሔር ዘሮችን በተለያየ አህጉር ያስቀመጠው እንዳይቀላቀሉ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን የሻረው በሰኔ 1967 ነው፤ ከዛሬ አያቶች ብዙዎቹ ያን ጊዜ ተወልደዋል።

ሙገሳም እንዲሁ ይፈተሻል። «ለአፍሪካዊት በጣም ቆንጆ ነሽ» የሚል ሰው አንዷን አሞግሶ አህጉሩን ሰድቧል። «ኢትዮጵያውያን ሴቶች እንደ ሌሎቹ ጥቁሮች አይደሉም፣ ፊታቸው ቀጭን ነው» ሲባል ደግሞ የእኛ ልጆች አመስግነው ልብ ይለጥፉበታል። ይህ ነው የሚያናድደኝ። ሌላውን ረግጦ ወደ እናንተ የመጣ ውዳሴ ነውና ብትመልሱለት ደግ ነው፦ «ስለ እኔ ያልከውን ተቀብያለሁ፤ ስለ ሌሎቹ ያልከውን ግን አልቀበልም።» ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም። እስያውያን ሴቶች «ታዛዥ ናቸው»፣ ጥቁር ወንዶች «ጉልበተኞች ናቸው» የሚለውም እንደዚያው ነው። የሚመኘው ሰው የጻፈላትን ልጅ ገና አላወቃትም፤ ቀድሞ የተሰጠውን ሥዕል ነው የሚያናግረው። መለያው አንድ ነው፦ ያንኑ መልእክት የዚያ ዘር ለሆነ ለሌላ ሰው አንድ ቃል ሳይቀየር መላክ ከተቻለ፣ የተጻፈው ለሰው አይደለም።

የትውውቅ መተግበሪያ ለምትጠቀሙ፣ መገለጫችሁ ላይ ስለምትጽፉት። በውጭ አገር ብዙዎች «ሐበሻ ብቻ» ብለው ይጽፋሉ። ምክንያታቸው አብዛኛውን ጊዜ ቋንቋ፣ ሃይማኖት ወይም ቤተሰብ ነው። ታዲያ ምክንያቱ ይጻፍ፦ «ከእናቴ ጋር በአማርኛ የሚያወራ»፣ «ዐቢይ ጾምን የሚጾም»፣ «ወደፊት አዲስ አበባ ለመኖር የሚያስብ»። ሐበሻ ሆኖ አንዱንም የማያሟላ ሞልቷል፤ ሐበሻ ሳይሆን ሁሉንም የሚያሟላም አይጠፋም። የማትፈልጉትን ዘር እየጠሩ መዘርዘር ግን ምንም አያተርፍላችሁም። ያልተፈለገው ሰው አንብቦ ይቆስላል፤ የተፈለገው ሰው ደግሞ ምን ዓይነት ሰው እንደጻፈው ይረዳል። አንዳንድ መተግበሪያዎች በዘር የሚያጣራ ቁልፍ አላቸው፤ ግራይንደር የተባለው የትውውቅ መተግበሪያ በ2020 የራሱን እንደሚያነሣ አስታውቋል። ቁልፉ ካለ ለ2 ሳምንት አጥፍታችሁ ማን እንደሚመጣ ማየት ነው፤ ካልተመቻችሁ መመለስ ይቻላል።

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ። በአማርኛ ከምንጽፋቸው ስድቦች የከፋው ጥቁር ሰውን በባርነት ስም መጥራት ነው። በአገራችን ባርነትን የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ መቶ ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ የተሸጡ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬም አብረውን አሉ፣ ያነባሉም። «ቀልድ ነው፣ እኛ እርስ በርሳችን እንባባላለን» የሚለው ሰበብ ደካማ ነው፤ የሚቀለድበት ሰው የሚስቀው መሳቅ ስላለበት ሊሆን ይችላል። «እኛኮ ጥቁር አይደለንም» የሚለውም ክርክር አለ። በአዲስ አበባ ጥቁር መባል ላይደርስባችሁ ይችል ይሆናል፤ በሚኒያፖሊስ ፖሊስ መኪናችሁን ሲያስቆም ግን የዘር ሐረጋችሁን አይጠይቅም። ደግሞም በአማርኛ ስለጻፍኩ አይገባቸውም አትበሉ። የጉግል መተርጎሚያ አማርኛን የጨመረው በ2016 ነው፤ የምትሰድቡት ሰው አንድ ቁልፍ ተጭኖ ያነበዋል፤ ማሽኑ ደግሞ ለዘብ አያደርግላችሁም።

ጽሑፍ ከንግግር የሚከፋበት ምክንያት አለው። በ2005 የታተመ የክሩገርና የኤፕሊ ጥናት፣ በኢሜይል ሽሙጥ የጻፉ ሰዎች አንባቢው 78 በመቶውን ይረዳልናል ብለው ሲጠብቁ አንባቢው በትክክል የለየው ግን 56 በመቶውን ብቻ እንደነበር አሳይቷል፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይሻልም። ጸሐፊው ሲጽፍ የራሱን ድምፅ በጆሮው ስለሚሰማ ነው። እንግዲህ ከሌላ ባህል ሰው ጋር ስለ ዘር ስትወያዩ ሽሙጥን ፈጽማችሁ ተዉት። ከመላካችሁ በፊት «ሁሉም»፣ «እነሱ»፣ «እናንተ» የሚሉትን ፈልጋችሁ በአንድ የተወሰነ ሰው ወይም በአንድ የተወሰነ ድርጊት ተኩ። መተካት ካቃታችሁ የምትሉት ነገር የላችሁም ማለት ነው።

ዘረኛ አስተያየት ስታዩስ? መጀመሪያ ስክሪንሾት አንሡ፤ ጽሑፉ፣ የጸሐፊው ስምና ቀኑ አብረው ይታዩ፤ የገጹንም ሊንክ ያዙ፤ ሪፖርት ከተደረገ በኋላ ሊጠፋ ይችላል። ከዚያ የተሰደበውን ሰው በውስጥ መስመር «ምን ላድርግ? መልስ ልስጥ ወይስ ዝም ልበል?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ሰው ስሙ የሚነሣበት ጦርነት እንዲረዝም አይፈልግም፤ ተቆርቋሪ መስሎ በሰው ቁስል ላይ መድረክ የሚሠራ ብዙ ነው። መልስ የምትሰጡ ከሆነ የምትጽፉት ለተሳዳቢው እንዳልሆነ እወቁ፤ እሱ አይለወጥም። የምትጽፉት ዝም ብለው ለሚያነቡት ነው። ስለዚህ ስለ ዓረፍተ ነገሩ ተናገሩ፦ «ይህ አባባል አንድን ሕዝብ በሙሉ ይሰድባል፤ ለዚህ ጥንድ የሚባለው እንኳን ደስ አላችሁ ነው።» አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ። ሦስተኛው መልስ ላይ ሁለት ሰው እየተጣላ ነው እንጂ ውይይት የለም፤ በዚያ ላይ ብዙ መልስ ያለበትን ጽሑፍ መተግበሪያው ለብዙ ሰው ስለሚያሳይ ስድቡን እናንተው ታሠራጩታላችሁ። ስክሪንሾቱን ለማሳፈር ብላችሁ ስትለጥፉትም የተሰዳቢውን ፎቶ ይዞ ነው የሚዞረው።

የተሳሳታችሁት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ «ቅር ያሰኘሁት ካለ ይቅርታ» አትበሉ፤ ይህ ጥፋቱን በአንባቢው ስሜት ላይ ያላክካል። ያላችሁትን ጥቀሱ፣ ለምን ትክክል እንዳልሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፣ ከዚያ አቁሙ። ይቅር እንዲሏችሁ አትጠይቁ፤ ስለ ጥቁር ጓደኞቻችሁም አታውሩ። ጽሑፉን በጸጥታ ማጥፋት ደግሞ መደበቅ ስለሚመስል ማስተካከያውን ከሥሩ ጻፉና ቆየት ብላችሁ አጥፉት።

ሕጉን ባጭሩ፦ በአገራችን የጥላቻ ንግግርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ቅጣት አለው። በጀርመን በሕዝብ ወገን ላይ ጥላቻ መቀስቀስ ከ3 ወር እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ላላችሁ ደግሞ ጥንቃቄው ይብስ፤ ሰውን በኢንተርኔት መሳደብ ብቻውን ወንጀል ነው፤ የገንዘብ ቅጣቱም ከ250,000 እስከ 500,000 ድርሃም ይደርሳል።

የልዩ ልዩ አገር ሰዎች ያሉበትን ቡድን ለምታወያዩ ይህን ልጨምር። ጎርደን ኦልፖርት በ1954 እንደጻፈው፣ ሰዎች ስለተገናኙ ብቻ ጥላቻቸው አይቀንስም፤ እኩል ደረጃ፣ የጋራ ዓላማ፣ ትብብርና ከላይ የሚደግፍ ሥልጣን ያስፈልጋል። ሥልጣኑ እናንተ ናችሁ። ቴሌግራም ላይ አንድ አባል በ5 ወይም በ15 ደቂቃ አንዴ ብቻ እንዲጽፍ የሚያደርግ ማስተካከያ አለ፤ እስከ 1 ሰዓትም ይደርሳል፤ ክርክሩ ከጋለ በኋላ ሳይሆን ርዕሱ ሲነሣ ጀምሩት። ከሁሉ በላይ ጥያቄውን ለውጡ። «የትኛው አገር ሴት ትማርካለች?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ አጥፉትና በቦታው «የሌላ አገር ሰው ይዛችሁ ብትገቡ እቤት ምን ይባላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሕንዳዊውም፣ ናይጄሪያዊቷም፣ የጎንደሩም ልጅ ስለ አክስቶቻቸው ማውራት ይጀምራሉ፤ ማንም ማንንም በቁንጅና አይመድብም።