ነጥቡ ያረፈበት፦ ስለ «ክልል»፣ «ውስጥ» እና «ወሰን» የቀረበ ጥያቄ

ጥያቄ፦ ዕቃ ለሚያደርስ አንድ ድርጅት የመተግበሪያውን የአማርኛ ጽሑፍ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ከተማው በካርታ ላይ ብዙ ቦታ ተከፍሏል። ደንበኛው ካርታው ላይ ቤቱን ሲነካ ኮምፒውተሩ ነጥቡ በየትኛው ክፍል እንዳለ ይለያል። ፕሮግራመሮቹ ይህንን «ፖይንት ሎኬሽን» ይሉታል። እኔ «የነጥብ ቦታ ማግኘት» አልኩት። ለደንበኛው የሚወጣው መልእክት ደግሞ «ቦታዎ ተገኝቷል፤ ነጥብዎ በክልል 5 ውስጥ ወድቋል» ይላል። አንድ አባት ደውለው «እኔ ያለሁት አዲስ አበባ፤ ሶማሌ ክልል ነህ ያላችሁኝ ለምንድን ነው?» አሉን። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? ነጥቡ መስመሩ ላይ ቢሆንስ «ውስጥ» ይባላል?

መልስ፦ አባትየው ልክ ናቸው። በ1984 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ አገሪቱን ከክልል 1 እስከ ክልል 14 በቁጥር ሲከፍላት፣ ክልል 5 ሶማሌ ነበር። አዲስ አበባ ራሷ ክልል 14 ነበረች። ዛሬም ድረስ በቁጥር የሚጠሩ ሰዎች አሉ። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ ደግሞ «ክልል» ሲባል ሁሉም ሰው የሚረዳው የፌዴሬሽኑን አባል ነው።

ቃሉ ሲፈጠር እንዲህ ጠባብ አልነበረም። ከለለ ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ አጠረ፣ ጋረደ፣ ለይቶ ያዘ ማለት ነው። «ጥብቅ ክልል»፣ «የትምህርት ቤቱ ክልል» ስንል ያ የጥንቱ ትርጉም አለ። በሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ በመስመር የታጠረን ስፍራ «ክልል» ማለት ምንም ነውር የለበትም። ቁጥር አስከትለው ስልክ ላይ ከጻፉት ግን ሰው ፖለቲካውን ነው የሚሰማው። ለመተግበሪያው «የማድረሻ ቀጠና» ይበሉ። ቀጠናን የከተማ ሰው ያውቀዋል፣ ከቀበሌ በታች ያለን ሰፈር ሲጠራበት ኖሯል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። «የነጥብ ቦታ ማግኘት» የሚለው ሐረግ ጥያቄውን ገልብጦታል። ነጥቡ የት እንዳለ እኮ አልጠፋም። ደንበኛው በጣቱ ነክቶ አሳይቷል፤ ኬንትሮሱና ኬክሮሱ ተመዝግቧል። ያልታወቀው የየትኛው ክፍል እንደሆነ ነው። «ልጁ የት ነው?» እና «ልጁ የማን ነው?» አንድ ጥያቄ አይደሉም። የፕሮግራመሮቹ ጥያቄ ሁለተኛውን ይመስላል። ስለዚህ «ማግኘት» ሳይሆን «መለየት» ነው ግሡ።

እኔ የምመርጠው «ነጥቡ ያረፈበትን ክፋይ መለየት» የሚለውን ነው። ሲያጥር «የክፋይ ልየታ» ይሆናል። «ወድቋል» የሚለውን ይተዉት፤ ከባዕድ ቋንቋ በቀጥታ የተገለበጠ ነው፤ በአማርኛ የወደቀ ነገር መነሳት አለበት። «ማረፍ» ግን የመሬት ቋንቋችን ነው። «ቤቱ ያረፈበት ቦታ 200 ካሬ ሜትር ነው» ይላል ማንኛውም ደላላ። «ተካለለ»ም አይሆንም። ያ ወሰን ሲቀየር፣ በውሳኔ አንድ መንደር ወደ ሌላ ወረዳ ሲዞር የሚባል ነው።

ሙሉው ካርታ ሳይደራረብና ክፍተት ሳይተው ሲከፋፈልስ ምን እንበለው? «ሽንሻኖ» አለልን! መሬት ሸንሽኖ መስጠት የምንለው ይህንኑ ነው። መስመሮቹ ደግሞ «ወሰን» ናቸው። «ድንበር»ም ያስኬዳል፤ ግን ድንበር ሲባል አገርና አገር፣ ወይም ድንበር የገፋ ጎረቤት ትዝ ይላል፣ ጠብ ጠብ ይሸታል።

የድሮ የቤት ሽያጭ ውል አንብበው ያውቃሉ? «በምሥራቅ የወይዘሮ እገሊት ግቢ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ የአቶ እገሌ ቦታ የሚያዋስነው» ይላል። አንድም ልኬት ሳይጠቅስ ቦታው የቱ እንደሆነ ይታወቃል። ኮምፒውተሩም ሽንሻኖውን የሚያስቀምጠው ከዚህ ብዙ ባልራቀ መንገድ ነው። ለእያንዳንዱ የወሰን መስመር በግራው የትኛው ክፋይ፣ በቀኙ የትኛው ክፋይ እንዳለ ይመዘግባል። «አዋሳኝ» የሚለው ቃል ለዚህ ሥራ የተሰፋ ይመስለኛል። ይህን የመሰለ ቃል እያለን የተለጠፈ ትርጉም ስንፈልግ ማየት ያሳዝነኛል።

«ውስጥ» ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በሒሳቡና በአማርኛው መካከል እውነተኛ ልዩነት ያለው እዚህ ነው።

ኮምፒውተሩ ውስጥና ውጭን የሚለይበት አንዱ መንገድ ቀላል ነው። ከነጥቡ ተነስቶ ወደ አንድ አቅጣጫ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል፤ መስመሩ ወሰኑን ስንት ጊዜ እንዳቋረጠ ይቆጥራል። ለሁለት እኩል የማይከፈል ቁጥር ከሆነ ውስጥ፣ ተጋማሽ ከሆነ ውጭ ነው። (ሰው ተጋማሹን «ሙሉ ቁጥር» ይላል፤ በትምህርት ቤት ግን ሙሉ ቁጥር ሌላ ነገር ነው፤ በጽሑፍዎ «ተጋማሽ» ይበሉ።) ራሱን የማያቋርጥ ዝግ መስመር ሁልጊዜ አንድ ውስጥና አንድ ውጭ እንደሚፈጥር ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ካሚል ዦርዳን እ.ኤ.አ. በ1887 ዓ.ም. በጽሑፍ አስፍሮታል።

ጣና ላይ እንሞክረው። ታንኳ ላይ ሆነው ወደ ምዕራብ መስመር ቢያሰምሩ፣ መስመሩ የሐይቁን ዳርቻ አንድ ጊዜ አቋርጦ ይወጣል። አንድ ተጋማሽ አይደለም፤ ውኃው ውስጥ ነዎት። አሁን ደቅ ደሴት ላይ ይቁሙ። መስመሩ መጀመሪያ የደሴቱን ዳርቻ፣ ከዚያ የሐይቁን ዳርቻ ያቋርጣል። ሁለት፤ ውጭ ነዎት። ዳርቻው ጠማማ ሆኖ ልሳነ ምድር ቢያጋጥም ቁጥሩ በሁለት በሁለት ይጨምራል እንጂ መልሱ አይለወጥም።

እዚህ ጋ ግን አማርኛ ይጠይቃል። ደቅ ያለን ሰው «ከጣና ውጭ ነው» ብሎ የሚናገር አለ? የለም። ሁላችንም «ጣና ውስጥ ያሉ ገዳማት» ነው የምንለው። የእኛ «ውስጥ» የሚያየው የውጭኛውን ዙሪያ ብቻ ነው፤ መሐሉ ላይ ያለውን ቀዳዳ አይቆጥርም። ለሒሳቡ ግን ቀዳዳውም ወሰን ነው። ሌሶቶን ደቡብ አፍሪካ ዙሪያዋን ከብባታለች፤ «ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ናት» ካልን ግን አንድን ነጻ አገር ሰረዝን ማለት ነው። መፍትሔው አማርኛው ራሱ ውስጥ አለ። ለተከበበው «መሐል» ወይም «የተከበበ» እንበል፤ «ውስጥ»ን ለክፋዩ አካል ብቻ እንተወው። ደቅ ጣና መሐል ናት። ከቀጠናዎቻችሁ አንዱ ሌላውን ከከበበ ይህ ለእናንተም ይመጣል።

ከዚህ ሁሉ ፕሮግራመሮቹን የሚያስጨንቃቸው ፍጥነቱ ነው። ክፋዮቹ ብዙ ከሆኑ አንድ በአንድ መቁጠር አይሆንም። የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ዶብኪንና ሊፕተን እ.ኤ.አ. በ1976 ዓ.ም. ያቀረቡትን ዘዴ በአማርኛ ለማስረዳት ጨርቅ ይበቃኛል። በየማዕዘኑ ላይ ከላይ እስከ ታች መስመር እየጣሉ ካርታውን ወደ ጠባብ ጠባብ ቅዳጅ ይቀድዱታል። መጀመሪያ ነጥቡ ያለበትን ቅዳጅ፣ ቀጥሎ በቅዳጁ ላይ ከየትኞቹ ሁለት መስመሮች መሐል እንዳለ ይፈልጋሉ። ፍለጋው መዝገበ ቃላት ስንገልጥ እንደምናደርገው ነው፤ ከመሐል ገልጦ ግማሹን መጣል፣ እንደገና ግማሹን መጣል። አንድ ሚሊዮን ቅዳጅ ቢኖር በ20 እርምጃ ገደማ ይደርሳሉ። ችግሩ ቅዳጆቹ ኮምፒውተሩ ላይ ብዙ የማስቀመጫ ቦታ መፍጀታቸው ነው። ሌላው ተመራማሪ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. ካርታውን በጎነ ሦስቶች ከፋፍሎ፣ ከሰፋፊዎቹ ወደ ትንንሾቹ እየወረደ፣ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ማስቀመጫውን አሳነሰው።

መስመሩ ላይ ያረፈውን ነጥብ «ውስጥ» አይበሉት። «ወሰኑ ላይ» ነው፤ ቋንቋችን ለይቶታል። ደንበኛው ግን ይህንን ማወቅ አያስፈልገውም፤ የሚፈልገው ዕቃውን የሚያመጣለትን ነው። ቤልጅግና ኔዘርላንድ ባርለ በሚባለው ከተማ እንደ ጥልፍ ተጠላልፈው ይኖራሉ፤ 22 የቤልጅግ ቁራጮች በኔዘርላንድ ተከበዋል፣ በእነሱ መሐል ደግሞ 7 የኔዘርላንድ ቁራጮች አሉ። ወሰን የሚሰነጥቃቸው ቤቶች ሞልተዋል። እዚያ የተለመደው ደንብ ቤቱ የየትኛው አገር እንደሆነ የሚለየው በፊት በሩ ነው ይላል። እናንተም አንድ ደንብ ቁረጡ። ለምሳሌ ወሰኑ ላይ ያረፈ ሁሉ ከምሥራቁ ቀጠና ይቆጠር፤ ወሰኑ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከሆነ ደግሞ ከሰሜኑ። ከዚያ መልእክቱ ለሁሉም አንድ ይሆናል፦ «አድራሻዎ በማድረሻ ቀጠና 5 ተመድቧል።» አባትየው መልሰው ከደወሉም ይህንኑ ያንብቡላቸው።